ጨው የሌለው ኖራ

ሆጤ፣ ትምህርት ቤቱ ጓሮ፣ ከኋለኛው በር፣
አንድ ግንብ ሰጡኝ፣ አሥራ ሁለት ሜትር፤
«ስመ ጥር ሴቶችን፣ የወሎን ልጆች ስም
ጻፊበት» አሉና ከፈሉኝ ለቀለም።

ዝርዝሩን ገለጥኩት። ሦስት ስም አለበት፤
ሦስቱም ባለ ዘውድ፣ ሦስቱም ባለ ርስት።
ጻፍኳቸው፣ አማሩ። እጄ ግን አልረካም፤
ጣሳው አልጎደለም፣ ግንቡም አልተነካም።

ስለ ወሎ ሴት ሲሆን ዘፋኙ ብዙ ነው፤
ዓይኗን የሚለካ፣ አንገቷን የሚያየው፣
ጥርሷን ከወተት ጋር የሚያመሳስለው።
ይዝፈን፣ ማን ከልክሎት፤ እኔን የከነከነኝ፣
«እጇስ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድም አልገጠመኝ።

ብሩሼን ነከርኩና፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣
ከሦስቱ በታች ጻፍኩ፣ በዘይት ቀለም፣ በደማቅ፦

ጦይባ ሙሄ።
ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ፣ ከሽመናው ክፍል፣
ሃያ ስድስት ዓመት በማሽን ነጎድጓድ መሀል
ጆሮዋን ከፍላለች።
አንዱ ማሽን ታሞ መሐንዲስ ሲሰበሰብ፣
መዳፏን ጣል ታደርጋለች ከብረቱ ልብ፤
«ሦስተኛዋ ጥርስ ናት፣ ተበልታለች» ትላለች፤
ሲፈቱት እውነቷን ነው። የራሷን ሣቅ ሳትሰማ ትስቃለች።

አገሬነሽ ደምሌ።
ኤንትሬ ትነዳለች፤ የሐረጎን ቁልቁለት
ማሽላ ጭና ስትወርድ፣ ከላይም ሰው ሞልቶበት፣
ፍሬን እምቢ አላት።
ረዳቱ ዘለለ። እሷ በከባድ ማርሽ፣
መኪናውን እያባበለች፣ ገደሉን አይታ ሳትሸሽ፣
ቦርከና ዳር አቆመችው። ጎማውን በእግሯ ነካ ነካ አርጋ፣
«ሒሳብ ያልከፈለ ይምጣ» አለች፣ ፊቷን በክንዷ ጠርጋ።

ዘይን ይማም፣ አዋላጅ።
የሸዋ በር ልጅ ግማሹ በእሷ እጅ ነው የወጣ፤
ምጧ የጠናባት «ማርያም ማርያም» ስትል፣
እሷ «ያ ረቢ» እያለች፣ ልጁ ከሁለቱ ጥሪ መሀል መጣ።
ክፍያዋ? ሳሙና። ለሚቀጥለው ልጅ እንዲሆን።

ቲቸር ሽታዬ ደግሞ በባዶ እጇ ክብ ስትስል
ኮምፓስ ያፍር ነበር። ስለሷ ይሄ ይበቃል።

የመጨረሻዋን እንዴት ልጻፋት?
በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን፣ ከመንገድ ዳር ድንኳን ሆና፣
ባዶ የስንዴ ከረጢት ዘርግታ በጉልበቷ እንደ ብራና፣
ወላጅ የሞተበትን ልጅ ስም በከሰል ትጽፍ ነበርና፤
ከነመንደሩ፣ ከነጠባሳው። «አንድ ቀን ፈላጊ ቢመጣ፣
ልጁ ስሙን እንዳያጣ።»

ከረጢቱ ዛሬም አለ፣ ሣጥኔ ውስጥ ተጣጥፎ፤
አንዳንዱ ስም አይነበብም፣ ከሰሉ ከጨርቁ ረግፎ።
አሥራ ሰባተኛው መስመር፣ ጫፉ በዝናብ የደበዘዘው፦
«ሕፃን፣ ሴት። ከኩታበር መንገድ። ግራ ጆሮዋ ጠባሳ አለው።
ስሟን የነገረን የለም። ይመኙሻል ብያታለሁ።»

ይመኙሻል እኔ ነኝ።
ፊደል የቆጠርኩት ከዚያች መስመር ነው፣ ከከሰል ፊደል፤
ጸሐፊዋ የራሷን ስም ረስታለች፣ ወይ ቦታ አልበቃት ይሆናል።

ከሁሉም ግርጌ፣ ብሩሼን አጥቤ፣ በጥቁር ጻፍኩ፦
«ስም የጻፈች ሴት»። ቀለሙ እስኪደርቅ ቆሜ ጠበቅኩ።

ማክሰኞ ኮሚቴው መጣ። «እነዚህን ማን ያውቃቸዋል?
ማስረጃ አላቸው? ማኅተም? ፎቶግራፍስ ይገኝላቸዋል?
ኖራ ቀቢባቸው።»
አልተከራከርኩም። ኖራ በጠበጥኩ፣ ቀባሁ።
የሙያው ሰው ያውቀዋል፣ ኖራ ያለ ጨው አይዝም፤
እኔም ጨው ረሳሁ።

ግንቦት እያለቀ ነው። ትናንት ካፊያ ነበር፤ ጦሳ ጭጋግ ለብሳለች፤
ከሦስቱ ባለ ዘውድ በታች፣ ከኖራው ሥር፣
አንዲት «ጦ» ከወዲሁ አጮልቃ ታያለች።